ብርቱካናማውን ቲሸርት ከመልበሳችን በፊት፦ ሴፕቴምበር 30ን እንደ ለቅሶ መድረስ

«ታዲያ አዳሪ ትምህርት ቤት መግባት ምን ክፋት አለው?»

ይህን የጠየቁኝ የጓደኛዬ እናት ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ ኤድመንተን መጥተው ነበር፣ ሁላችንም ብርቱካናማ ቲሸርት ለብሰን ሲያዩን ግራ ገባቸው። እኔም በጥድፊያ «መንግሥት የነባር ሕዝቦችን ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት እያስገባ…» ብዬ ጀመርኩ። ሳልጨርስ፣ ከልጆቻቸው አንዱ እንኳ አዳሪ ትምህርት ቤት ቢገባላቸው ብለው ስለት ተስለው እንደነበር ነገሩኝ።

አልፈረድኩባቸውም። በእኛ አነጋገር አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ጎበዝ ተማሪ ተመርጦ የሚገባበት፣ ሰፈሩ ሁሉ «የእገሌ ልጅ እኮ» የሚልለት ቦታ ነው። ስለዚህ ሴፕቴምበር 30ን፣ ካናዳ በእነዚያ ልጆች ላይ የደረሰውን የምታስብበትን ቀን፣ ካናዳ ካለው ማኅበራችሁ ወይም እድራችሁ ጋር ለማሰብ ካሰባችሁ፣ የመጀመሪያው ሥራ አዳራሽ መከራየት አይደለም፣ ቃሉን ማስተካከል ነው። እኔ አሁን «ልጆች በግድ የሚወሰዱባቸው ትምህርት ቤቶች» እላለሁ። ይረዝማል፣ ግን ማንም ስለት አይሳልበትም።

ሌላም የሚጣል ቃል አለ። «ቀይ ህንዶች» የሚለውን ተዉት። ሁላችንም ከፊልም ነው የለመድነው፣ ለእነሱ ግን ስድብ ነው። ነባር ሕዝቦች ማለት ይበቃል። ነገሩን በዝርዝር ካነሳችሁ ደግሞ ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑዊትና ሜቲስ የተለያዩ ሕዝቦች ናቸው፣ በአንድ ስም አትጠቅልሏቸው። አካባቢያችሁ ያለው ሕዝብ የራሱ ስም ካለው ደግሞ በዚያው ጥሩት፣ ክሪ ከሆነ ክሪ፣ ሞሃውክ ከሆነ ሞሃውክ።

ለማኅበሩ ሰው ምን ትነግሩታላችሁ?

ረጅም ታሪክ አያስፈልግም፣ ግን የተጣራ ይሁን። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ከ1880ዎቹ ጀምሮ የካናዳ መንግሥት ገንዘቡን እየከፈለ፣ ካቶሊክ፣ አንግሊካን፣ ፕሬስቢቴሪያንና ዩናይትድ ቸርች እያስተዳደሩት፣ ከ150,000 በላይ ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው በእነዚህ ትምህርት ቤቶች አልፈዋል። በ1920 ሕጉ ጠበቀና ልጅን አለመላክ የሚያስቀጣ ሆነ። ጸጉራቸው ይቆረጣል፣ በቋንቋቸው ከተናገሩ ይቀጣሉ፣ ወንድምና እህት አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው እንዳይገናኙ ይደረጋሉ። ብዙዎቹ ተደብድበዋል፣ ተደፍረዋል። ፒተር ብራይስ የሚባል የመንግሥት ሐኪም በ1907 ልጆቹ በሳንባ ነቀርሳ እያለቁ መሆኑን ጽፎ ነበር፣ የሚሰማው አላገኘም። ዛሬ ዊኒፔግ በሚገኘው ብሔራዊ የእውነትና የዕርቅ ማዕከል መዝገብ ላይ ከ4,100 የሚበልጡ የሞቱ ልጆች ተመዝግበዋል፣ መዝገቡም ገና አልተዘጋም።

ለእኛ ሰው የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። የመጨረሻዎቹ ትምህርት ቤቶች የተዘጉት በ1996 እና በ1997 ነው። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ነው አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ከስልኩ ቀና የሚለው። የጥንት ወሬ አይደለም፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጡት ሴትዮ ሊሆኑ ይችላሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በ2021 ካምሉፕስ ስለተባለው፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ስላለው የቀድሞ ትምህርት ቤት ቦታ ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ በእኛ ሰዎች ገጾች ላይ «የጅምላ መቃብር ተገኘ» ተብሎ ሲዞር ነበር። በመሬት ውስጥ የሚያይ ራዳር ያመለከተው፣ ምልክት የሌላቸው የልጆች መቃብር ሊሆኑ የሚችሉ ቦታዎችን ነው። እንደዚሁ ተናገሩት። እውነቱ ራሱ ይበቃል፣ ስታጋንኑት «ይኸው ውሸት ነው» ለሚሉት ሰዎች በር ትከፍታላችሁ፣ የዚያን ዋጋ ደግሞ የሚከፍሉት ተራፊዎቹ፣ ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች በሕይወት የወጡት ሰዎች ናቸው።

ሸሚዙስ?

ፊሊስ ዌብስታድ በ1973 የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዊሊያምስ ሌክ አጠገብ ወዳለው የቅዱስ ዮሴፍ ሚሽን ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትል አያቷ አዲስ ብርቱካናማ ሸሚዝ ገዙላት። በደረሰችበት በመጀመሪያው ቀን አስወለቋት፣ ሸሚዙን ዳግም አላየችውም። በ2013 የብርቱካናማ ሸሚዝ ቀን ከእሷ ታሪክ ተነሣ። ወሩ ሴፕቴምበር የሆነው ልጆቹ ከየቤታቸው የሚወሰዱበት ወቅት ስለሆነ ነው። በ2021 መንግሥት ሴፕቴምበር 30ን ብሔራዊ የእውነትና የዕርቅ ቀን አደረገው።

ቀኑ ብዙውን ጊዜ በእኛ መስከረም 20 ላይ ይውላል፣ መስቀል በተከበረ በሦስተኛው ቀን። ለእንቁጣጣሽ አዲስ ልብስ ተገዝቶልህ ሌሊቱን አቅፈኸው ያደርክ ሰው ከሆንክ ይህን ታሪክ ማንም ማብራራት አይኖርበትም። ለልጆቻችሁም በዚህ በኩል ንገሯቸው። ለትንንሾቹ ሸሚዙ ይበቃል፣ ስለ ሞትና ስለ ድብደባ በስድስት ዓመታቸው መስማት የለባቸውም። ከፍ ላሉት የቻኒ ዌንጃክን ንገሯቸው። የ12 ዓመት ልጅ ነበር፣ በጥቅምት 1966 ኬኖራ ኦንታሪዮ አጠገብ ካለው ትምህርት ቤት አምልጦ፣ 600 ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ቤቱ በባቡር ሐዲድ ላይ ሲሄድ በብርድ ሞተ።

ቲሸርቱን ስትገዙ ሻጩ ማን እንደሆነ እዩ። ከነባር ሕዝቦች ነጋዴ ወይም ገቢውን ለተራፊዎች ከሚሰጥ ድርጅት ግዙ። ከበይነመረብ ገበያ በስምንት ዶላር የሚመጣውን፣ ከአርቲስቱ የተሰረቀ ሥዕል ያለበትን እባካችሁ ተዉት። ብር ካጠራችሁ ቤት ያለ ማንኛውም ብርቱካናማ ልብስ ይሠራል።

የመጀመሪያው ዓመት፦ አታዘጋጁ፣ ሂዱ

አሁን ወደ ጥፋታችን ልምጣ፣ ኮሚቴው ውስጥ ስለነበርኩ ጥፋቱ የእኔም ነው። የመጀመሪያውን ዓመት የራሳችንን ዝግጅት አደረግን። አንዲት ተራፊ እናት ጋበዝን፣ በሰዓታቸው መጡ። እኛ በአበሻ ሰዓት ጀመርን። ሊቀመንበሩ ተናገረ፣ ምክትሉ ተናገረ፣ ምርጫ የደረሰበት አንድ ፖለቲከኛ ተናገረ፣ ወጣቶቹ እስክስታ መቱ። እንግዳችን ሁለት ሰዓት ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ «ዐሥር ደቂቃ አለን» ተብለው ማይክ ተሰጣቸው። አሁን ሳስበው እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

የገባኝ ቆይቶ ነው። ይህ ቀን ለቅሶ ነው። እኛ ደግሞ ለቅሶ እንዴት እንደሚደረስ የምናውቅ ሰዎች ነን፣ ማንም ሊያስተምረን አይገባም። ለቅሶ ቤት ስትሄድ የራስህን ድንኳን ይዘህ ሄደህ አጠገቡ አትተክልም። ገብተህ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ። ኀዘንተኛው ካወራ ትሰማለህ፣ ዝም ካለ ዝም ትላለህ። ጓዳ ገብተህ ሰሃን ታጥባለህ። ከዚያ በኋላ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ወደ እነሱ ዝግጅት ሂዱ። አብዛኞቹ ትልልቅ ከተሞች ውስጥ የነባር ሕዝቦች ፍሬንድሺፕ ሴንተር የሚባል ማዕከል አለ። በነሐሴ ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ፣ «ብንመጣ ደስ ይላችኋል ወይ?» እና «ምን እናግዝ?»። እኛ የተሰጠን ሥራ ወንበር መደርደርና ውሃ ማደል ነበር። ከሊቀመንበርነት የሚያንስ የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ፣ አልመጡም። የመጡት ግን በሚቀጥለው ዓመት በስማቸው ይጠሩ ነበር።

የሥራ ነገርም አለ። አልበርታና ኦንታሪዮ ውስጥ ቀኑ ለፌዴራል ሠራተኛና ለባንክ ሠራተኛ በዓል ነው፣ መጋዘን ወይም ነርሲንግ ሆም ለሚሠራው ሰው ግን እንደ አሠሪው ነው። የእኛ ሰው አብዛኛው የት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ፈረቃ ቀድማችሁ ተቀያየሩ ወይም ማታ ያለውን ዝግጅት ምረጡ።

ሁለተኛው ዓመት፦ ካዘጋጃችሁ

እንግዲህ ከተዋወቃችሁ በኋላ፣ እነሱም «አዎ፣ የእናንተን ሰዎች ማናገር እንፈልጋለን» ካሏችሁ፣ በሰኔ ጀምሩ። ሴፕቴምበር ሲደርስ ትምህርት ቤቱም መሥሪያ ቤቱም አንድ ሽማግሌ ፍለጋ ስለሚሯሯጥ በመጨረሻው ሳምንት መደወል ዋጋ የለውም።

ሽማግሌ የሚጋበዘው በኢሜይል ብቻ አይደለም። እኛ ባለንበት በሜዳማው የካናዳ ክፍል ልማዱ ትምባሆ ማቅረብ ነው። ትምባሆውን በእጃችሁ ይዛችሁ የምትፈልጉትን ትናገራላችሁ፣ ከተቀበሏችሁ እሺ ማለታቸው ነው። ይህን በኮሚቴ ስናነሣ «ትምባሆ? እኛ ክርስቲያኖች ነን እኮ!» ያሉ ነበሩ። የሚጨስ አይደለም፣ እጅ መንሻ ነው ብለን ነው ያስረዳናቸው፣ በዚያ ቃል ወዲያው ገባቸው። ግን በየትም ቦታ ይኸው ነው ብላችሁ እንዳትገምቱ፣ የኢኑዊት ልማድ አይደለም፣ እዚያው ሜዳው ላይም ከቤተሰብ ቤተሰብ ይለያል። አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ መጠየቅ አያሳፍርም።

ከትምባሆው ሌላ ክፍያ አለ። ሽማግሌዋ ቀናቸውን ሰጥተው፣ የሚያመውን ነገር ከውስጣቸው አውጥተው ነው የሚያወሩት። ስንት እንደሚሰጥ ፍሬንድሺፕ ሴንተሩን ጠይቁ፣ በፖስታ አድርጋችሁ በዚያው ቀን በእጃቸው ስጧቸው። ደረሰኝ አምጡ፣ ቼኩ በሠላሳ ቀን ይደርሳል የሚባል ነገር አይሠራም። ከቤታቸው የሚያመጣና የሚመልስ መኪና መድቡ፣ አብሯቸው የሚመጣ ቤተሰብ ካለ ለእሱም ወንበርና ምግብ ይኑር። ምግብ ሲቀርብ መጀመሪያ ለእሳቸው። ይህንንስ እናውቃለን።

አዳራሹ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ የእኛ ማኅበረ ምእመናን የሚገለገሉት ከአንግሊካን ወይም ከዩናይትድ ቸርች በተከራዩት ሕንፃ ነው፣ ለእኛ ርካሽ ኪራይ ነው፣ ለተራፊ ሰው ግን የዚያ ደወልና የዚያ ወንበር ሽታ ሌላ ነገር ሊያስታውስ ይችላል። ስለዚህ ቦታውን ከመያዛችሁ በፊት «እዚህ ቢሆን ይመችዎታል?» በሉ። ሴጅ የሚባል መዓዛ ያለው ቅጠል የሚጨስበት ሥነ ሥርዓት ካለ ደግሞ የአዳራሹን ባለቤት አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ የጭስ ማንቂያው በጸሎት መሃል ቢጮህ የምትገቡበት ቀዳዳ አይኖርም። በነገራችን ላይ፣ «እንደ እኛ እጣን ማለት ነው» የምትል ንጽጽር ሁላችንንም ትመጣብናለች። በልባችሁ ያዟት። ጭሱ ወደ እናንተ ሲመጣ መሳተፍ ካልፈለጋችሁ በትሕትና ማለፍ ትችላላችሁ፣ ማንም አይቀየምም።

ፕሮግራሙ አጭር ይሁን። ሽማግሌዋ ይክፈቱት፣ ይዝጉትም፣ መሃሉ ላይ የእናንተ ንግግር ከአምስት ደቂቃ አይበልጥ። ሰዓት አታሳዩአቸው። ጥያቄ መቀበል ይፈልጉ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ፎቶ በፈቃድ ብቻ ነው፣ በጸሎትና በክብር መዝሙር ጊዜ ስልክ ኪስ ውስጥ ይግባ። ከበሮ ሲመታ ተነሱ፣ አታጨብጭቡ፣ ትርኢት አይደለም። ለእናቶቻችን የሚያስተረጉም ሰው ከጎን ሆኖ በሹክሹክታ ይናገር፣ ቃላቱን ቀድሞ ይዘጋጅባቸው፣ አለበለዚያ እዚያው ቁጭ ብለን ወደ «አዳሪ ትምህርት ቤት» እንመለሳለን።

ናፕኪን በየጠረጴዛው ላይ ይኑር። የእነዚህን ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ባጣራው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ታላላቅ ስብሰባዎች ላይ ሰዎች ያለቀሱበት ናፕኪን ተሰብስቦ በተቀደሰው እሳት ይቃጠል ነበር፣ ዕንባው ቆሻሻ መጣያ እንዳይገባ። የእናንተ እንግዳ ይህን ከፈለጉ ከረጢት አዘጋጁላቸው። ጸጥ ያለች አንዲት ክፍልም ትኑር። ለተራፊዎችና ለቤተሰቦቻቸው 24 ሰዓት የሚሠራው የእርዳታ ስልክ 1-866-925-4419 ነው፣ ትልቅ አድርጋችሁ በሩ ላይ ለጥፉት። የእኛም ሰው ሊከፋው እንደሚችል አትርሱ። አዳራሹ ውስጥ ቀይ ሽብርን ያዩ አሉ፣ ወንድማቸው የት እንደቀረ የማያውቁ አሉ። እነሱን የሚይዝ ሰው ይመደብ። ግን ማይክ ወስዶ «የእኛም ሀገር እኮ…» ብሎ የሚጀምር ሰው በትሕትና ይመለስ፣ የእኛ ለቅሶ ሌላ ቀን አለው።

ስለ ዕርቅ አንድ ነገር

እኛ «ዕርቅ» ስንል ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሳ ተከፍሎ፣ «በሉ ይቅር ተባባሉ» የሚባልበትን ነው የምናስበው። እርቅ ደም ያደርቃል ይባላል። ትልልቆቻችን በቅን ልብ ተነሥተው ለተራፊዋ «ልጄ፣ ይቅር በያቸው» ሊሏት ይችላሉ፣ አንዴ ደርሶብናል። ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ እኛ ሽማግሌ ሆነን አልተላክንም።

በእኛም ሥርዓት ቢሆን ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አጠፋህ?» ብሎ ነው። እዚህም እንደዚያው፣ እውነት የሚለው ቃል ከዕርቅ በፊት የመጣው በከንቱ አይደለም። በዳኛ መሬይ ሲንክሌር የተመራው ያ ኮሚሽን ከ2008 እስከ 2015 ከስድስት ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ቃል ሰምቶ 94 የተግባር ጥሪዎችን አወጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር በጁን 11፣ 2008 በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ፣ የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ደግሞ በ2022 ከኤድመንተን አንድ ሰዓት በምትርቀው ማስክዋቺስ ድረስ መጥተው ጠየቁ። አንዳንዱ ተቀበለ፣ አንዳንዱ ገና ነው፣ ያ የእነሱ ጉዳይ ነው።

የእኛ ጉዳይ ጥሪ 93 እና 94 ናቸው፣ ሁለቱም አዲስ መጪዎችን የሚመለከቱ። 93ኛው ለአዲስ መጪ የሚሰጠው መረጃና የዜግነት ፈተናው ይህን ታሪክ ይያዝ ይላል። 94ኛው የዜግነት መሐላው ነባር ሕዝቦች ከመንግሥት ጋር ስለተፈራረሟቸው ውሎች ይናገር ይላል፣ እሱ በ2021 ተፈጽሟል። ከዚያ ወዲህ ዜግነት የወሰዳችሁ ሰዎች የፈርስት ኔሽንስን፣ የኢኑዊትንና የሜቲስን መብት የሚያውቀውን ሕግ ልታከብሩ እጃችሁን አንሥታችሁ ምላችኋል። ብዙዎቻችን ፎቶው ላይ ስለነበርን አልሰማነውም።

መሐላውን በአማርኛ ተርጉማችሁ በስብሰባው ላይ አንብቡት። ያላችሁበት መሬት በየትኛው ውል ሥር እንደሆነም ጨምሩ። ኤድመንተን በ1876ቱ ውል 6፣ ካልጋሪ በ1877ቱ ውል 7፣ ዊኒፔግ በ1871ዱ ውል 1 ሥር ናቸው፣ ኦታዋና ቫንኩቨር ደግሞ ጭራሽ በውል ባልተሰጠ መሬት ላይ ነው ያሉት። ቶሮንቶ ያላችሁ ወደ ብራንትፎርድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ንዱ፣ እስከ 1970 የሠራው የሞሃውክ ኢንስቲትዩት ሕንፃ እዚያ አለ። ልጆቹ ቦታውን በየቀኑ በሚሰጣቸው ቀጭን ገንፎ ስም ነበር የሚጠሩት። ገንፎ ለእኛ የአራስ ቤት ምግብ ነው፣ ልጅ ተወለደ ብለን የምንበላው። ይህን እዚያ ቆመው የሰሙ አንዲት እናታችን ወደ መኪናው እስክንመለስ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ከዝግጅቱ በኋላ

ሰው ሲበተን የተረፈውን ምግብ ለሽማግሌዋ ቋጥሩላቸው፣ ባዶ እጃቸውን አይሂዱ። በሳምንቱ ደውሉላቸው፣ ሌላ ነገር ሳትለምኑ፣ ደህንነታቸውን ለመጠየቅ ብቻ። ከቻላችሁ ደግሞ በጁን 21 የነባር ሕዝቦች ቀን ሲከበር ሂዱ። ያ የደስታ ቀን ነው፣ ጭፈራ አለ፣ የተጠበሰ ባኖክ የሚባል ዳቦ አለ፣ ልጆቻችሁ ይወዱታል። እኛ ባለፈው ጁን ሁለት ጀበና ይዘን ሄድን፣ ቡናው በግማሽ ሰዓት አለቀ፣ ዘንድሮ አራት እንድናመጣ ታዘናል።